ሦስቱ እህትማማች ንግሥቶች

ይህ ንግግር በወረቀት ታትሞ በእጃችሁ ገብቷል። ስለዚህ እኔ ስናገር እናንተ ጣታችሁን በመስመሩ ላይ እያስኬዳችሁ ተከተሉኝ። ብፈጥንባችሁ አትደንግጡ። ድምፅ ያልፋል፤ ወረቀቱ ግን የትም አይሄድም። ኋላ ረጋ ብላችሁ ትመለሱበታላችሁ።

እስካሁን ከእኛ ጋር ያነበባችሁት ስለ ንጹሕ ውሃ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ሰብል ተባይ ነበር። የዛሬው ከነዚያ ይለያል። ዛሬ ስለ አንድ ልብ ወለድ መጽሐፍ እናወራለን። «ልብ ወለድ» የሚለውን እስቲ እዩት። ሁለት ቃል ነው፤ «ልብ» አለ፣ «ወለድ» አለ። ልብ የወለደው፣ ማለትም ደራሲው በሐሳቡ የፈጠረው ታሪክ ማለት ነው።

ባንድ የማታ ትምህርት ቤት የማውቃቸው አንድ አዛውንት ይህን ቃል ስተረጉምላቸው ቅር አላቸው። «ልጄ፣ እኔ በስተርጅናዬ ፊደል የቆጠርኩት እውነቱን ላነብ ነው። ተረቱንማ አያቴ አንድ ፊደል ሳታውቅ እየነገረችኝ ነው ያደግኩት» አሉኝ። ነገሩ ትክክል ነው። ያን ቀን የሚረባ መልስ አልሰጠኋቸውም። በሌላ ቀን ግን አሁን ለእናንተ የምነግራችሁን ነገርኳቸው። የጀመርኩትም ከንብ ቀፎ ነው።

ከእናንተ መካከል ንብ አናቢዎች ትኖራላችሁ። («አናቢ» እና «አንባቢ» በጽሑፍ ስለሚቀራረቡ ቀስ ብላችሁ ለዩአቸው። ደግሞ ሁለቱንም መሆን ይቻላል።) ንብ ያነበ ሰው እንደሚያውቀው በቀፎው ውስጥ አንዲት «አውራ» አለች። አውራ እንላታለን እንጂ ወንድ አይደለችም። እንቁላሉን የምትጥለው እርሷ ናት። በስሟ የተሳሳትነው እኛ ብቻ አይደለንም፤ በአውሮፓም እስከ 17ኛው መቶ ዓመት ድረስ ብዙ ሰው «ንጉሥ» ይላት ነበር።

ቀፎው ሞልቶ ንቡ ሊፈልስ ሲል ሠራተኞቹ ንቦች ከሌላው የሚበልጡ፣ ወደ ታች የተንጠለጠሉ፣ የለውዝ ቅርፊት የሚመስሉ ቤቶች ይሠራሉ። አዳዲስ አውራዎች የሚያድጉት እዚያ ውስጥ ነው። በየቤቱ የሚቀመጠው እንቁላል ግን ከሠራተኛ ንብ እንቁላል ምንም አይለይም። ልዩነቱን የሚያመጣው ምግቡ ነው። ሠራተኞቹ ከጭንቅላታቸው ዕጢ ወተት የሚመስል ነገር ያመነጫሉ። እጮቹ ሁሉ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ገደማ ይህንኑ ይመገባሉ። ከዚያ በኋላ ሠራተኛ የምትሆነው ወደ ማርና ወደ አበባ ብናኝ ትዛወራለች። አውራ የምትሆነው ግን እስከ መጨረሻው ያው ወተት ይሰጣታል። ሠራተኛዋ አድጋ ለመውጣት 21 ቀን ሲፈጅባት፣ አውራዋ በ16 ቀን ትወጣለች። እንግዲህ አውራ ከእንቁላሏ አይደለም አውራ የምትሆነው፤ እየተመገበች ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

አሮጊቷ አውራ ከመንጋው ከፊሉን ይዛ ትሄዳለች። በቀፎው የሚቀሩት ገና ከቤታቸው ያልወጡ እህትማማቾች ናቸው። ቀድማ የወጣችው ጡሩንባ የሚመስል ድምፅ ታሰማለች። በቤታቸው ያሉትም ከውስጥ ሆነው ይመልሱላታል። ከዚያ እየዞረች፣ የየቤቱን ሰም እየቦረቦረች፣ እህቶቿን አንድ በአንድ ትነድፋቸዋለች። ሁለቱ ባንድ ጊዜ ከወጡ ደግሞ አንዷ እስክትሞት ይያያዛሉ። የሠራተኛ ንብ መንደፊያ እንደ መንጠቆ ያለ እሾህ ስላለው በሰው ቆዳ ላይ ተሰክቶ ይቀራል፤ ነዳፊዋም ትሞታለች። የአውራዋ ግን ለስላሳ ነው ማለት ይቻላል። ደጋግማ ትወጋበታለች፤ የምትወጋውም ሰው ሳይሆን እህቶቿን ነው።

ኬንዳሬ ብሌክ የምትባል ደራሲ አለች። በደቡብ ኮሪያ ተወልዳ በአሜሪካ ያደገች ሴት ናት። የመጽሐፏ ሐሳብ የመጣላት ስለ ንቦች ይህን የመሰለ ነገር ሰምታ መሆኑን ራሷ ተናግራለች። ንቦቹን ልጃገረዶች፣ ቀፎውን ደሴት አደረገችው። ደሴት ማለት ዙሪያውን በውሃ የተከበበ መሬት ነው፤ በጣና ላይ እንዳሉት ያለ፣ ግን ይህኛው በባሕር ላይ ያለና በጣም የሚበልጥ ነው። መጽሐፉ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2016 በእንግሊዝኛ ታተመ። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሦስት ጥቁር ዘውዶች» ማለት ነው።

አሁን ታሪኩን ስሙ።

የደሴቲቱ ስም ፌንበርን ይባላል። እንዲህ ያለ አገር በምድር ላይ የለም። በዚያ አገር በየትውልዱ ለንግሥቲቱ ሦስት ሴቶች ልጆች ባንድ ሆድ ይወለዳሉ። እናቲቱ ከወለደች በኋላ ደሴቲቱን ለቃ ትሄዳለች፤ ልክ እንደ አሮጊቷ አውራ። ሦስቱም ልጆች «ንግሥት» ይባላሉ። ሦስቱም ጥቁር ይለብሳሉ። ዘውዱ ግን አንድ ነው። 16 ዓመት ከሞላቸው በኋላ አንድ ዓመት ይሰጣቸዋል። በዚያ ዓመት ውስጥ ሁለቱን እህቶቿን ገድላ የቀረችው ትነግሣለች። በደሴቲቱ ይህ ወንጀል አይደለም፤ ሕጉ ነው። ካህናቱም ይባርኩታል፣ ሕዝቡም በዓል አድርጎ ይጠብቀዋል።

የሚገዳደሉት በጎራዴ አይደለም። እያንዳንዷ አስማት ያለው ስጦታ አላት ተብሎ ይታመናል። ሚራቤላ ነፋስን፣ እሳትን፣ መብረቅን ታዛለች። አርሲኖኤ አበባ ታፈካለች፣ አዝመራ ታበቅላለች፣ የዱር አራዊት ይታዘዙላታል ይባላል። ካትሪን ደግሞ የመርዝ ንግሥት ናት፤ መርዝ እንጀራዋ ነው እንጂ አይጎዳትም ይባላል። «ይባላል» እያልኩ የደጋገምኩት ሳላስበው አይደለም።

ሦስቱ ልጆች እስከ ስድስት ዓመታቸው ድረስ ባንድ ቤት፣ በጫካ ውስጥ፣ አብረው ተጫውተው ያድጋሉ። ከዚያ ወዲያ ሦስት ቤተሰቦች መጥተው ይከፋፈሏቸዋል። ሚራቤላ ሮላንት ወደምትባል ከተማ ትሄዳለች። አርሲኖኤ «የተኩላ ምንጭ» ወደምትባል የዓሣ አጥማጆችና የገበሬዎች ከተማ ትወሰዳለች። ካትሪን ወደ ዋናው ከተማ፣ አሮን ወደሚባለው የመርዘኞች ቤተሰብ ትገባለች። በደሴቲቱ ላይ ለሦስት ትውልድ በተከታታይ የነገሡት ከመርዘኞች ወገን የሆኑ ንግሥቶች ናቸው። ምክር ቤቱን የያዙት አሮኖች ናቸው። ዘውዱ ከእጃቸው እንዲወጣ አይፈልጉም።

መጽሐፉ የሚጀምረው በካትሪን የልደት በዓል ነው። እኔን የያዘኝ ይህ ክፍል ነው። ካትሪን ትንሽ፣ የገረጣች፣ የከሳች ልጅ ናት። በእንግዶች ፊት መርዝ የተጨመረበት ምግብ ይቀርብላታል። እርሷም እየሣቀች መብላት አለባት። እንግዶቹ የሚያዩት መርዝ የማይነካትን ኃይለኛ ንግሥት ነው። ማዕዱ ሲያበቃ ግን ልጅቷ ሮጣ ገብታ ታስመልሳለች፣ ትንቀጠቀጣለች። ቁስሏ እንዳይታይ ይሸፈናል። ለምን መሰላችሁ? ስጦታዋ አልመጣማ! መርዙ እንደማንኛውም ሰው ያቃጥላታል። አሳዳጊዎቿ ይህን ያውቃሉ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ትንሽ በትንሽ መርዝ እየሰጡ ሊያለማምዷት ሞክረዋል። ይህን ሁሉ የምታዝዘው የቤቱ እመቤት ናታሊያ በራሷ መንገድ ትወዳታለች። ደራሲዋን ያመሰገንኩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ አሠቃይዋን ሰይጣን አላደረገቻትም። የምታሳድጋትን ልጅ የምትወድ ሴት፣ በገዛ እጇ መርዝ ታጎርሳታለች።

ወደ አርሲኖኤ ስንሄድ ደግሞ ሌላ ነገር እናያለን። በእርሷ ዘንድ አበባው አይፈካም። ጁልስ የምትባለው ጓደኛዋ ግን ንግሥት ሳትሆን አበባ ታፈካለች፤ የተራራ አንበሳ እንደ ውሻ ይከተላታል። አርሲኖኤ ንግሥት ተብላ አንዲት እምቡጥ ማስከፈት አልቻለችም። የከተማዋ ሰው ይህን እያየ አንገቱን ይደፋል።

ኃይሏ እውነት የሆነው የሚራቤላ ብቻ ነው። ስትቆጣ ሰማዩ ይጠቁራል። እንግዲህ በደሴቲቱ ሁሉ የሚፈሩት ሦስት ንግሥቶች አሉ፤ ከሦስቱ ሁለቱ በሰው ዓይን ፊት ባዶ እጃቸውን ናቸው። ፍርሃቱ ግን እኩል ነው። እንዲያውም ባዶ እጁን የሆነው ቤት ፍርሃቱን አብልጦ ይፈልገዋል። አሮኖች ሰው በእነርሱ ማዕድ ላይ ማንኪያ ሲያነሣ እንዲጠራጠር ያደርጋሉ። የሚገዙት በመርዙ ብቻ አይደለም፤ «ምናልባት መርዝ አለበት» በሚለው ሐሳብ ጭምር ነው። መብረቅ ሲመጣ ይታያል፣ ይሰማል፣ ሰው ይሸሸዋል። መርዝ አይታይም። ስለዚህ ባይኖርም ያለ ይመስላል።

እኛ አገር «የሚፈራ ኃይል» ሲባል ማን ትዝ እንደሚላችሁ አውቃለሁ። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» እየተባሉ ስንት ዘመን ተገፍተዋል። እዚያ ፍርሃቱ ሰውን ወደ ታች ይጥላል፤ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ ወደ ዙፋን ያወጣል። በሁለቱም በኩል ግን ማንም ሄዶ፣ ማዕዱን ቀምሶ፣ ነገሩ እውነት መሆኑን አላረጋገጠም።

አሁን ወደ ያዛችሁልኝ ነገር እንመለስ። አውራዋን አውራ የሚያደርጓት ሠራተኞቹ ናቸው ብለናል። ቤቱን የሚሠሩት፣ ወተቱን የሚያጎርሱት፣ አንዳንድ ጊዜም ያልወጡትን አውራዎች ከመጀመሪያዋ የሚጠብቋቸው እነርሱ ናቸው። በመጽሐፉም እንዲሁ ነው። ስንት ምዕራፍ ስናነብ ልጆቹ በጥላቻ ተነሥተው ለመገዳደል ሲሄዱ አናይም። የሚያቅዱት ሌሎች ናቸው። አሮኖች ለካትሪን ያቅዱላታል። ካህናቱ ሚራቤላ እንድታሸንፍ ይፈልጋሉ፤ ለእርሷም ስለ እህቶቿ ሞት ያስቡላታል። ከሦስቱ አንዷ ብትነግሥ ከጀርባዋ አንድ ሙሉ ከተማ ይሾማል፣ ይበላል። ብትሞት ደግሞ የምትቀበረው ብቻዋን ነው።

ሚራቤላ እህቶቿን ታስታውሳለች። ይህ ነው የእርሷ ችግር። ሌሎቹ ሁለቱ የልጅነታቸውን ነገር ረስተዋል፤ ከዚያ ይልቅ እህት ማለት ገዳይ ናት የሚለውን ተምረዋል። ሚራቤላ ግን በሕልሟ ታያቸዋለች። የትንሿን እጅ ይዛ በውሃ ዳር መሄዷ ትዝ ይላታል። መብረቅ የሚታዘዝላት ልጅ፣ ከሦስቱ ሁሉ መግደል የምትችለው እርሷ፣ መግደል የማትፈልገው እርሷ ሆነች። ሰው ግን ይህን አያውቅም። የሚያየው መብረቁን ነው።

«ይህ በተረት እንጂ በእውነተኛ እህትማማቾች መካከል አይደረግም» የሚል ይኖር ይሆናል። አርሲኖኤ የሚለውን ስም እንደገና አንብቡት። ይህ ስም የእውነተኛ ንግሥትም ስም ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት ግብፅን የሚገዛ ፕቶሎሚ የሚባል ንጉሥ ነበር፤ ስመ ጥሯን ክሊዮፓትራን የወለደ ነው። ከሴቶች ልጆቹ ሦስቱን እንያቸው፤ በረኒቄ፣ ክሊዮፓትራና አርሲኖኤ። አባታቸው ከአገር ሲሰደድ በረኒቄ ነገሠች። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ55 ዓመት በሮማውያን ጦር ታግዞ ሲመለስ ልጁን አስገደላት። ከእርሱ ሞት በኋላ የሮማው ጁሊየስ ቄሣር ወደ ግብፅ መጥቶ ከክሊዮፓትራ ጋር ወገነ። ትንሿ አርሲኖኤ ከቤተ መንግሥቱ አምልጣ ከተቃዋሚው ጦር ጋር ሆነች፣ ንግሥት ተባለች። ተሸነፈች። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ46 ዓመት በሮም አደባባይ በሰንሰለት ታስራ ለሕዝብ ታየች። ተመልካቹ ቢያዝንላት ሳትገደል ቀረች። ዛሬ ቱርክ በምንለው አገር፣ በኤፌሶን፣ በአርጤምስ ቤተ መቅደስ ተጠግታ ኖረች። ቤተ መቅደስ ውስጥ የገባ ሰው አይነካም ነበር። ነገር ግን በ41 ዓመት፣ አንጦንዮስ የሚባለው የሮም ሹም በክሊዮፓትራ ጠያቂነት ሰው ልኮ ከዚያው አስወጥቶ አስገደላት። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ክሊዮፓትራም ሮማውያን ሲይዟት ራሷን ገደለች። በመርዘኛ እባብ ነው ይባላል።

ሦስት እህትማማች፣ አንድ ዙፋን፣ ከጀርባቸው የሮም ጦር። በዚያ ታሪክ አስማት የለም። የግብፅ ዙፋን ግን በመጨረሻ ከሦስቱ ለአንዳቸውም አልቀረም፤ አገሩን ሮም ወሰደችው። ደራሲዋ ስሙን ከዚህ ወስዳው ይሁን አይሁን እኔ አልፈርድም። ስሙን ሳነብ ግን ያቺ በሰንሰለት የታየችው ልጅ ትዝ አለችኝ።

ወደ ደሴቲቱ ልመለስ። ፌንበርንን ከሌላው ዓለም የሚለይ ጭጋግ አለ። ከደሴቲቱ ንግሥት ልውጣ ብትል ጭጋጉ ይመልሳታል። አርሲኖኤ በልጅነቷ ከጁልስና ጆሴፍ ከሚባለው ልጅ ጋር በጀልባ ለመሸሽ ሞክራ ነበር። ሦስት ሕፃናት ከሕጉ ለማምለጥ ቀዘፉ ማለት ነው። ጭጋጉ አላሳለፋቸውም፤ ተያዙ። ምክር ቤቱ አርሲኖኤን ሊቀጣት አይችልም፣ ንግሥት ናትና። ስለዚህ ልጁን አምስት ዓመት ከደሴቲቱ አባረረው። እርሷ ቤቷ ቀረች። ለሕፃን ከዚህ የሚከብድ ቅጣት የለም፤ ጓደኛህ ስለ አንተ ሲቀጣ ማየት። ይህን ካነበብኩ በኋላ ጭጋጉን አስማት ነው ብዬ ብቻ ማለፍ አልቻልኩም። ሕጉን የሚያስከብረው ጭጋጉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምክር ቤት ባላስፈለገ ነበር።

መጽሐፉ እንከን የለውም አልላችሁም። አለው። መጀመሪያ ላይ ስም ይበዛል፤ ሦስት ከተማ፣ ሦስት ቤተሰብ፣ በየቤቱ አክስትና ያክስት ልጅ። እኔ ስሞቹን በወረቀት እየጻፍኩ ነው የገባሁበት። እናንተም የሰው ስም የበዛበት ነገር ስታነቡ እንዲሁ አድርጉ፤ አያሳፍርም። ደግሞ ንግሥቶቹን ለማግባት ከባሕር ማዶ የሚመጡት ጎረምሶች ነገር ረዘመብኝ። እህቶቹ ሊገዳደሉ ቀን እየቆጠሩ፣ ማን ማንን ሳመ የሚለው ብዙ ገጽ ይበላል። ወጣቶች ይህን ክፍል ይወዱት ይሆናል። እኔ ቶሎ ቶሎ አለፍኩት።

አንድ ነገር ግን ቶሎ አትለፉ። ካትሪን የምትወዳት አንዲት መርዘኛ እባብ አለች። እባቢቱ በእጇ ላይ ተጠምጥማ ትውላለች። ደራሲዋ ይህን የምትነግረን እንደ ቀላል ነገር አድርጋ ነው። አንባቢም «የመርዝ ንግሥት አይደለች? እባብ ብትወድ ምን ይገርማል?» ብሎ ያልፋል። አውሬ ለማን ነበር የሚታዘዘው?

ወደ መጀመሪያው መጽሐፍ መጨረሻ አካባቢ፣ አርሲኖኤ መርዝ የተጨመረበት ነገር ሳታውቅ ትበላለች። አብሯት የቀመሰ ሰው ይታመማል። በቤቱ ያለው ሁሉ እርሷም አሁን ትወድቃለች ብሎ ይጠብቃል። አርሲኖኤ ምንም አልሆነችም። ራሷን እንኳ አላመማትም።

ለአዛውንቱ ታሪኩን እዚህ ድረስ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩ። ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ እያንቀሳቀሱ ያስላሉ። ቀጥለው «ቆይ እስቲ» አሉኝ። «ይህችኛዋን መርዙ ካልነካት የመርዘኞቹ ልጅ እርሷ ናት ማለት ነው። ታዲያ ያቺን የከሳችውን ልጅ አሥር ዓመት ሙሉ መርዝ ሲያበሏት የኖሩት በከንቱ ነው?»

«አዎን አባባ» አልኳቸው።

«ነገሯት?»

ሌሎች ሦስት መጽሐፎች እንደሚቀሩ፣ የመጨረሻው በ2019 እንደ ወጣ ነገርኳቸው። «ሦስት!» ብለው ሣቁ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። «እኔ የጠየቅኩህን አልመለስክም» አሉኝ። «ልጅቷ አወቀች ወይስ አላወቀችም?»